የትራክ ኢንሹራንስ ካንስል ሳደርግ ታክሱን እንዴት አስመለስኩ
ትራኬን ሸጬ ለካምፓኒ መንዳት ስጀምር ኢንሹራንሱን ዓመቱ ሳይሞላ ካንስል አደረግኩ። የምኖረው ቴክሳስ ነው። ኦቶሪቲዬ (በራሴ ስም ጭነት የምሠራበት ፈቃድ) አዲስ ስለነበር መደበኛዎቹ ኩባንያዎች አልተቀበሉኝም፤ የያዝኩት እነሱ ለማይቀበሉት ሰው የሚሸጠውን «ሰርፕለስ ላይንስ» የሚባለውን ፖሊሲ ነበር። በዚህኛው ላይ 4.85 በመቶ ታክስ አለ። ፖሊሲው ላይ ማንም የማያነበው ማስታወቂያ ውስጥ ሕጉ፣ ማለትም ምዕራፍ 225፣ ከነቁጥሩ ተጽፏል።

ተመላሹ ሲመጣ ሂሳቡን አየሁት። ፕሪሚየም፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ዋጋ፣ ብቻ ነው፤ ታክስ የሚል መስመር የለም። ኤጀንቱ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሐበሻ ነው። «ወንድሜ፣ ታክስ እኮ ለመንግሥት ገብቷል፤ አይመለስም» አለኝ።

ይመለሳል። ፕሪሚየሙ ከተመለሰ የዚያ ድርሻ ታክስም አብሮ ይመለሳል። ለዚህ ደግሞ ስቴቱ ደጅ መጥናት የለም፤ ታክሱን ሰብስቦ የሚከፍለው የሰርፕለስ ላይንስ ኤጀንቱ ስለሆነ የሚመልሰውም እሱ ነው።

በደፈናው ቁጥር ላስረዳ። ፕሪሚየሙ 10,000 ዶላር ከሆነ ታክሱ 485 ነው። ልክ በግማሽ ዓመት ካቆማችሁ ያልተጠቀማችሁበት 5,000 ይቀራል። ነገር ግን ውሉ «ሾርት ሬት» የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከቀሪው 10 በመቶ ይቆርጡና 4,500 ይመልሳሉ። ታክሱም የሚሰላው በዚሁ በተመለሰው ላይ ነው፤ 218 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ለአንድ ኢሜይል አይናቅም።

በስልክ መከራከሩን ትቼ ኢሜይል ጻፍኩ። «የተመለሰውን ፕሪሚየም፣ ታክሱንና ፊውን (የአገልግሎት ክፍያውን) ለየብቻ ዘርዝራችሁ ላኩልኝ» አልኩ፤ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ዝርዝር ሲጠየቁ ታክሱን መዝለል ይከብዳቸዋል። የቀረው ታክስ መጣ።

ፖሊሲ ፊና የብሮከር ፊ ግን ሌላ ነው። ውሉ ላይ «ፉሊ ኧርንድ» ከተባለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእነሱ ነው፤ እሱን አልነካካሁትም። ሚኒመም ኧርንድ የሚባልም አለ፤ 25 በመቶ ከሆነ በሳምንቱ ብታቆሙም ሩቡን ያስቀራሉ። ይሄ ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ ነው።

በፋይናንስ የምትከፍሉ፣ ማለትም ፕሪሚየሙን ሌላ ኩባንያ ከፍሎላችሁ ለእሱ በየወሩ የምትመልሱ ከሆነ፣ ተመላሹ መጀመሪያ የሚገባው ለፋይናንስ ኩባንያው ነው። ዕዳው ተቀንሶ የተረፈው ለእናንተ ይመጣል። ስለዚህ የእነሱንም የመጨረሻ ሂሳብ ጠይቁ። ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን አድራሻ ለሁለቱም ስጡ፤ የእኔ ቼክ የመጣው በፖስታ ነው።