ሄዶ መመለስ፦ ለብስክሌቴ ጂፒኤስ እንዴት እንደመረጥኩ

ረጅም መንገድ በብስክሌት ለመሄድ የሚያስፈራው እግር ብቻ አይደለም። የኔ ችግር ጭራሽ እግሬ አልነበረም። አርባ ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ጣጣ እነዳለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ያቺኑ የማውቃትን መንገድ ነው። የማላውቀው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ልቤ ይከፈላል። ልቀጥል? ልመለስ? ብዙውን ጊዜ መመለሱ ያሸንፋል።

ፍርሃቴን ቁጭ ብዬ ስበትነው ሦስት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። አሁን የት ነኝ? ምን ያህል ቀረኝ? ቢደክመኝ በየት በኩል ላቋርጥ? ጂፒኤስ፣ ማለትም መሪው ላይ ታስሮ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ለመግዛት የተነሳሁት እነዚህን ለመመለስ ነው እንጂ ፍጥነቴን መዝግቤ ሰው ላይ ለመጎረር አይደለም። ይህን አስቀድሞ መለየቱ ብዙ ገንዘብ አተረፈልኝ። የመሣሪያዎቹ ዋጋ ወደ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው እኔ በማልፈልጋቸው ነገሮች ነውና።

«ስልክህ እያለ ሌላ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው። ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ማንም ሰው ኪሱን ከመንካቱ በፊት በስልኩ ቢሞክር እመርጣለሁ። እኔም መሪው ላይ አስሬ ነዳሁ። ፀሐይ ላይ እንዲታየኝ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ አለብኝ፤ ያን ጊዜ ባትሪው እያየሁት ያልቃል። ጣቴ በላብ ሲርስ ስክሪኑ አይሰማኝም። ሲዘንብ ደግሞ ጠብታው ራሱ እየነካካ ካርታውን ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ንዝረትም አለ። አፕል በ2021 የኃይለኛ ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። የኛ ብስክሌት የዚያን ያህል አይንቀጠቀጥም፤ ቢሆንም ኮረኮንች ላይ ስገባ ያ ማስጠንቀቂያ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ስልክ ክፉ ቀን ቢመጣ ሰው የምጠራበት ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲያሳየኝ ውሎ አመሻሹ ላይ ቢዘጋብኝ ምን ይውጠኛል? ስለዚህ ስልኩ ሙሉ ባትሪውን ይዞ ኪሴ ውስጥ እንዲውል፣ መንገዱን ደግሞ ሌላ ነገር እንዲያሳየኝ ወሰንኩ።

ገበያ ላይ ያሉትን በሦስት ከፍዬ አየኋቸው። የመጀመሪያው ቁጥርና መስመር ብቻ የሚያሳይ ነው። የምትሄዱበት መንገድ ባዶ ስክሪን ላይ እንደተዘረጋ ክር ይታያል፤ እናንተ ክሩን የምትከተል ቀስት ናችሁ። ጋርሚን ኤጅ 130 ፕላስ ከዚህ ወገን ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይሻላል። ሁለተኛው ሙሉ ካርታ አለው፤ ግን የምትሄዱበትን መንገድ ቤት ሆናችሁ አዘጋጅታችሁ ነው የምትጭኑት። ሦስተኛው ካርታም አለው፣ መንገድ ላይ ሆኖም ራሱ አዲስ መንገድ ይፈልጋል። ከፍ ያሉት የጋርሚን ኤጅ ሞዴሎች፣ ዋሁ ኤለመንት ሮምና ሀመርሄድ ካሩ እዚህ ይመደባሉ።

እኔ የግድ ያልኩት ካርታውን ነው። ምክንያቱ ሦስተኛው ጥያቄዬ ነው። በባዶ ስክሪን ላይ ያለ መስመር «በየት በኩል ላቋርጥ?» ለሚለው መልስ የለውም። ዙሪያውን ያሉትን መንገዶች ማየት አለብኝ። የማን ምርት እንደገዛሁ ግን እዚህ አልጽፍም። ሞዴል በየጊዜው ይቀየራል፤ መምረጫው ግን ብዙም አይለወጥም።

ሻጮች በብዛት የሚያወሩት ስለ ሳተላይት ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከነከፍታው ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት መቀበል አለበት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ነው የሚልኩት። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮና የቻይናው ቤይዱ የሚባሉት ተመሳሳይ የሳተላይት ሥርዓቶች ሲጨመሩበት ከሰማዩ የሚታዩት ሳተላይቶች ይበዛሉ፤ ዛሬ ርካሽ የሚባለው መሣሪያ እንኳ ከአንድ በላይ ይቀበላል። ውድ የሆኑት ደግሞ በሁለት ፍሪኩዌንሲ ይቀበላሉ፦ ኤል1 በሚባለው 1575.42 እና ኤል5 በሚባለው 1176.45 ሜጋኸርዝ። ምልክቱ ከፎቅ ወይም ከገደል ጋር ተላትሞ ሲመጣ የሚፈጠረውን ስህተት ለመቀነስ ይረዳል። ረጃጅም ፎቅ መሃል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል። እኔ በአብዛኛው የምነዳው ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት መንገድ ነው። እዚያ የጥቂት ሜትር ስህተት መታጠፊያ አያስተኝም። አልከፈልኩበትም።

በደስታ የከፈልኩት ለባሮሜትር ነው። ሰውን የሚጨርሰው ርቀት ሳይሆን ዳገት ነው፤ ሳተላይት ብቻውን ደግሞ ከፍታ ላይ ያን ያህል አይታመንም። ባሮሜትር የአየር ግፊትን ይለካል። ባሕር ወለል አካባቢ 8 ሜትር ገደማ ስትወጡ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ መሣሪያው ከዚህ ተነስቶ ምን ያህል እንደወጣችሁና ዳገቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ ያሰላል። ግፊት ግን በአየር ጠባይም ይቀየራል። ደመና ሲመጣ ቤት ውስጥ የቆመ ብስክሌት ዳገት ሲወጣ ታዩታላችሁ። አትደንግጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ከፍታውን አስተካክሉለት።

መንገዱ ተጭኖ ከሆነ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፊት ያለውን ዳገት ለብቻው ያሳያሉ። ጠቀሜታው የገባኝ ዳገቱ መሃል ሆኜ ነው። ማርሽ አልቆብኛል፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ጫፉ አይታይም። ስክሪኑ «1.2 ኪሎ ሜትር፣ 70 ሜትር» ይላል። ወደ ስድስት በመቶ የሚጠጋ ዳገት ነው፤ በዚህ አካሄዴ ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዐሥር ደቂቃ ደግሞ እችላለሁ። ዳገቱ አላጠረም፣ እግሬም አልበረታም። ማለቂያው መታወቁ ብቻ የልብ ልብ ሰጠኝ።

ባትሪ ላይ ሕጌ አንድ ነው። አምራቹ የሚጽፈውን ሰዓት ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ካርታ በርቶ፣ ብርሃኑ ከፍ ብሎ፣ ስልክና ሴንሰር (እንደ ልብ ምት መለኪያ ያለ) በብሉቱዝ ተያይዞ ሲነዳ ቁጥሩ ያንሳል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ረጅሙ ጉዞዬ ስምንት ሰዓት ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ 15 ሰዓት የሚሉትን ብቻ አየሁ። ሌላም አለ። መያዣው ላይ እንደታሰረ ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እዩ። አንዳንዱ መያዣ የቻርጅ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። ከተቻለ አንዲት ትንሽ ፓወር ባንክ ነገሩን ትጨርሰዋለች።

አዝራር ወይስ ንክኪ? አዝራር። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም፤ ካርታ በጣት መጎተት ደስ እንደሚል አልክድም። ግን ኮረኮንች ላይ፣ ጓንት አድርጎ፣ ዓይን መንገዱ ላይ ሆኖ በአውራ ጣት ዳብሶ የሚጫን ነገር ይሻለኛል። ሱቅ ስትሄዱ ጓንታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከገዛሁት በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ መቀነስ ነበር። መሣሪያው ሲመጣ ዋናው ገጽ በቁጥር የታጨቀ ነው። ሦስት ብቻ አስቀረሁ፦ የቀረ ርቀት፣ የቀረ ዳገትና ሰዓት። አማካይ ፍጥነትን ጨርሶ አጠፋሁት። ያ ቁጥር ዓይን ውስጥ ካለ ሰው ሳያስበው ከሱ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ዳገት ላይ ሲወርድ ያናድዳል፣ ለመመለስ የታሰበው ጉልበት በመሄጃው ይበላል። ቤት ስገባ ባየው ምን ይጎድላል?

ከዚያ የማውቃትን መንገድ ጭኜ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ቀኝ ሲለኝ ግራ ታጠፍኩ። የማያውቁት አገር ላይ ከመደናገጥ እዚህ ላይ ጠባዩን ማወቅ ይሻላል። መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ ያመለጠኝ መታጠፊያ ጋ ሊመልሰኝ ሞከረ፤ ከፊቴ የሚያገናኝ አቋራጭ መኖሩ ግድም አልሰጠው። አሁን አዲስ መንገድ የመፈለጉን ነገር አጥፍቼ ካርታውን ራሴ አያለሁ። መስመሩ የት እንዳለ ይታያል፤ ወደሱ የሚወስደኝን መንገድ እኔ እመርጣለሁ።

የመንገድ ፋይል ላይም ልብ በሉ። ጂፒኤክስ የሚባለው ፋይል መንገድን በሁለት ዓይነት ይይዛል። አንዱ «ትራክ» ነው፤ ነጥቦቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ መስመሩ ራሱ ነው። ሌላው «ሩት» ነው፤ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይይዛል፣ በመሃላቸው ያለውን እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መንገድ ይሞላል። ሁለት ሰዎች አንድ ፋይል ጭነው የተለያየ ቦታ የሚታጠፉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔ ትራክ ብቻ ነው የምጭነው። ብዙዎቹ ካርታዎች የሚሠሩት በ2004 በተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ነው። ሰዎች በፈቃደኝነት የሚሞሉት ስለሆነ አንዳንድ ቦታ በጣም ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የፍየል መንገድን አስፋልት ያስመስላል። የምጠራጠረውን ቦታ ቀደም ብዬ በሳተላይት ፎቶ አያለሁ።

መሣሪያው ይህን ሁሉ ሲያደርግ እግሬን አላሠለጠነልኝም። እሱ የኔ ሥራ ነበር። ርቀቱን ቀስ በቀስ ጨመርኩ፤ በጣም የረዳኝ ግን የመንገዱ ቅርጽ ነው። አንድ ትልቅ ክብ ከመዞር ይልቅ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው መንገድ ሠራሁ። መሃል ላይ ቤቴ አጠገብ ያልፋል። ጥሩ ስሜት ካለኝ ሁለተኛውን ክብ እቀጥላለሁ፤ ከደከመኝ እገባለሁ። የሚገርመው፣ መግባት እንደምችል ሳውቅ አልገባም። ነፋስ ካለ ደግሞ መሄጃዬን ነፋሱን ፊት ለፊት አደርገዋለሁ፤ ስመለስ ከኋላ ይገፋኛል።

መብላትን በሰዓት አሠርኩት። ሆድ እስኪጠይቅ መጠበቅ ረጅም ጉዞ ላይ አያዋጣም። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚለው የተለመደ ምክር ለኔም ሠርቷል። መሣሪያው በየሃያ ደቂቃው «ብላ» እያለ ይጮሃል። አንዳንዴ እሰድበዋለሁ፤ ግን እበላለሁ። የተነፈሰ ጎማ መቀየርንም ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። ጎማ መቀየር የማይችል ሰው የት እንዳለ ቢያውቅም ያው ቆሞ መቅረቱ አይቀርም።

ከዚያ አንድ ቀን የጫንኩት መስመር በጥገና የተዘጋ ድልድይ ላይ ወሰደኝ። አጥር፣ አሸዋ ቁልል፣ ማንም የለም። ከቤት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቄያለሁ። ድሮ ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብዬ በመጣሁበት እመለስ ነበር። ከብስክሌቱ ወረድኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ካርታውን አሳነስኩት። ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ተጠማዝዞ ይታያል። ወደ ታች ሌላ ቀጭን መስመር ያቋርጠዋል። ዞሬ ብሄድ ሰባት ኪሎ ሜትር ይጨምርብኛል። ሰዓቱን አየሁ፣ የቀረውን ዳገት አየሁ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ምግብ ቆጠርኩ። ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው። ዞርኩ።

አሁን የማስበው 200 ኪሎ ሜትርን ነው። ይህን ቁጥር ስሰማ የሚታየኝ ተወዳዳሪ ብስክሌተኛ ነበር። ኋላ ላይ ግን የረጅም ርቀት ነጂዎች ብሬቬ የሚሉት የ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ 13 ሰዓት ተኩል እንደሚሰጥ አወቅሁ። ምግቡም፣ እረፍቱም፣ የጎማ ጥገናውም ተደምሮ ማለት ነው። ሲካፈል በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። አስፈሪነቱ በግማሽ ቀነሰ። ቀሪውን ግማሽ ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ አየዋለሁ።

ጓደኛዬ አሁንም በስልኩ ነው የሚነዳው። የሚነዳው ሁለት ሰዓት፣ በቃሉ በሚያውቀው መንገድ ስለሆነ አልከራከረውም። እንደሱ ከነዳችሁ ጂፒኤሱን ተዉትና ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ግዙበት።