ለትራክና ለበረዶ ውድድር ጎማና ቸርኬ የመረጥኩት እንዲህ ነው

ሚኒሶታ የሚኖር መኪና ወዳድ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳበት ቦታ አያጣም። በሰመር ብሬነርድ የሚባል ከተማ ላይ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) አለ። በዊንተር ደግሞ ሐይቆቹ ሲረጉ በረዶው ላይ መንገድ ይጠረግና ውድድር ይካሄዳል። እኔ ሁለቱም ላይ የምነዳው አንዲት የ1998 ሆንዳ ሲቪክ ናት። ሞተሯን አልነካሁትም። ገንዘቤን ያፈሰስኩት መሬት የሚነካው ነገር ላይ ነው፤ ዛሬም አንድ ጀማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቸርኬ ነው። ቸርኬ ያምራል፣ ፎቶ ላይ ይወጣል። እዚህ ሴንት ፖል ጎማ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ገና ሳስብ ሄጄ ሳማክራቸው "ልጄ፣ መጀመሪያ ጎማህን ወስን፤ ቸርኬው ጎማውን የሚሸከም ዕቃ ነው" አሉኝ። ምክራቸውን ተከተልኩ። የጎማው ልክ ሲታወቅ የቸርኬው ስፋት ይታወቃል፣ ስፋቱ ሲታወቅ ደግሞ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ይታወቃል። ከቸርኬ ከጀመርክ ግን ያማረህን ቸርኬ ገዝተህ በልኩ ጥሩ ጎማ ስታስስ ትከርማለህ።

ጎማ ለመምረጥ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሙቀት ነው። የትራክ ጎማ ካልሞቀ አይዝም። የበረዶ ጎማ ደግሞ ዋናው ሥራው በብርድ አለመድረቅ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጎማ አለ የሚልህን ሰው አትስማው። "ለሁሉም ወቅት" የሚባለው ጎማ ወደ ሥራ ለመሄድ ጥሩ ነው። ትራክ ላይ ግን ጥርሱ ይሞቅና መቅለጥ ይጀምራል፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ ይደርቃል። ሁለት ሙሉ ቸርኬና ሁለት ሙሉ ጎማ ያስፈልጋል። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ከትራኩ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ላይ "ትሬድዌር" የሚባል ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ለስላሳ ነው ማለት ነው፤ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። የብዙ አማተር ውድድር ደንብ 200ን መነሻ አድርጎ ነው የሚሠራው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ስለሆነ 200 የተጻፈባቸው ሁሉ አንድ አይደሉም። ዮኮሃማ ኤ052 ወዲያው ይሞቃል፣ ገና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይይዛል፤ ለአጭር ውድድር የሚወደደውም ለዚህ ነው። ሃንኩክ አርኤስ4 ግን ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። እኔ ትራክ የምሄደው ብዙ ዙር ለመንዳትና ለመማር ነው፣ ጎማውንም የምገዛው ከኪሴ ነው። አርኤስ4ን መረጥኩ፣ ልኩ 205/50አር15 (205 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ኢንች)። አንድ ዙር ላይ ሰከንድ ለመስረቅ ለሚፈልግ ሰው ምርጫዬ ሌላ ይሆን ነበር።

የሲቪኳ የፋብሪካ ጎማ 185/65አር14 ነው። ቁመቱ ወደ 596 ሚሊሜትር ይመጣል። አዲሱ 586 ነው። ልዩነቱ ከሁለት በመቶ በታች ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዛባም፣ ማርሹም ትንሽ ያጥርና ከኩርባ ስትወጣ ያግዝሃል።

ጎማው ሲታወቅ ቸርኬው ቀላል ሆነ። 4 ብሎን፣ ብሎኖቹ የሚሰለፉበት ክብ 100 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 7። ኤንኬይ አርፒኤፍ1 ወሰድኩ፤ በዚህ ልክ አንዱ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ያንሳል። እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። የፋብሪካው ቸርኬ ስፋቱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (የመግጠሚያው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሐል ወደ ውጭ የሚርቅበት ልክ፣ በሚሊ) 45 ነው። አዲሱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 35። ስፋቱ በ38 ሚሊ ስለጨመረ በየጎኑ 19 ይደርሳል። ኦፍሴቱ ደግሞ 10 ሚሊ ወደ ውጭ ገፋው። እንግዲህ ወደ ውስጥ 9፣ ወደ ውጭ 29 ሚሊ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ሠርቼ መኪናው ሥር ገብቼ በማስመሪያ ለካሁ። ከአሞርዛተሩ ጋር አይነካካም፣ ከፓራፋንጎው ጋር ደግሞ ጣት የሚያሳልፍ ቦታ ይቀራል። ይህን ሳይለካ ቸርኬ የሚያዝ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው።

ሰው የሚያልፋቸው ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛው የመሐሉ ቀዳዳ ነው። የሆንዳው መሐል 56.1 ሚሊ ነው፣ የቸርኬው ግን 73.1። መሐሉ ላይ ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው በትክክል መሐል ላይ አይቀመጥም፣ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀለበቱ ርካሽ ነው። ለትራክ ከሆነ የአሉሚኒየሙን ግዙ፤ ፍሬን ሲግል ፕላስቲኩ አይችለውም።

ሁለተኛው ዳዶው ነው። የሆንዳን የፋብሪካ ዳዶ አንስታችሁ ቸርኬውን የሚነካበትን ጫፍ በጣት ዳስሱት። ክብ ነው፣ እንደ ኳስ። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ቀዳዳ ደግሞ ሾጣጣ ነው። ክቡን ዳዶ ሾጣጣው ውስጥ ብታስሩት የሚነካው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ የጠበቀ ይመስላል፤ ቸርኬው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ግን ይላላል። ስለዚህ ሁለት የዳዶ ከረጢት አለኝ። ክቦቹ ከፋብሪካው ብረት ቸርኬ ጋር፣ ሾጣጣዎቹ ከአሉሚኒየሙ ጋር። ከረጢቶቹ ላይ በማርከር ጽፌባቸዋለሁ፤ የሚረዳኝ ጓደኛም እንዳይሳሳት። ማጥበቂያው 80 ፓውንድ ፉት ነው፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)። ከመጀመሪያው ዙር ከተወጣ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይታያል።

የጎማው ነፋስ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ፣ የሚያስቆጭም አይደለም። ጎማ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይጨምራል። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ከ28 አካባቢ እጀምራለሁ፣ ከትራክ ስወጣ ወዲያው እለካለሁ። የጎማው ትከሻ ላይ በነጭ ጠመኔ መስመር ይሰመራል። ጠመኔው ወደ ጎኑ ድረስ ከጠፋ ጎማው እየተጋደመ ነውና ነፋስ ይጨመር። ከትከሻው ከፍ ብሎ ከቀረ ነፋሱ በዝቷል። ብሬነርድ ደግሞ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞር ትራክ ነው፤ ሸክሙ ግራ ላይ ይወድቃል። የሲቪክ የፊት እግር ይጎትታል፣ ይመራል፣ ፍሬኑንም በብዛት ይሸከማል። የግራ የፊት ጎማ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። በየጊዜው ማዘዋወር ግድ ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ። እዚህ ሁለት ዓይነት ምድብ አለ፦ ጥርሱ ላይ ብረት የተሰካበት ጎማና ላስቲክ ብቻ የሆነ። ብረት ያለው በጣም ይይዛል፣ በጣም ይፈጥናል። ግን ሚኒሶታ ውስጥ ነዋሪ በብረት ጎማ በሕዝብ መንገድ መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ መኪናውን የሚጭን ተሳቢ ያስፈልጋል፣ ወይም ሐይቁ ዳር በዚያ ብርድ ክሪክ ይዞ ጎማ መቀየር። እኔ ላስቲኩን መረጥኩ። በጎማዬ እሄዳለሁ፣ በዚያው ጎማ እመለሳለሁ። ደግሞም ላስቲክ ብቻ ሲሆን እጅና እግርህ በእውነት ይማራሉ።

ለበረዶ የገዛሁት ብሊዛክ የሚባለውን የብሪጅስቶን የበረዶ ጎማ ነው። ጥርሱ ቀርበህ ስታየው እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በረዶ የሚያንሸራትተው ላዩ ላይ ባለው ስስ ውሃ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ያንን ውሃ ይመጥጣሉ። ጥርሶቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ደግሞ ጠርዝ ይሆኑና ይነክሳሉ። ለዚህም ነው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ከ20 ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው። ብርዱ ሲከር በረዶው ይደርቃል፣ ጎማም ይይዛል። ጎማው ጎን ላይ ያለው የተራራና የበረዶ ብናኝ ምልክት የሚያሳየው ለስላሳ በረዶ ላይ መፈተኑን ነው እንጂ ግግር በረዶ ላይ እንደሚይዝ አይደለም፤ ሲገዛ በዚያ ብቻ መተማመን አያስፈልግም።

የተመረተበትንም ቀን እዩ። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 3523 ካለ የ2023 ዓ.ም. 35ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ። ያረጀ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል።

ለሐይቁ የመረጥኩት ቸርኬ ተራ የፋብሪካ ብረት ነው፣ 14 ኢንች፣ ጎማውም ጠባቡ 185/65። የተጠረገው መንገድ ዳር የበረዶ ክምር አለ፤ እዚያ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ አለ። ብረት ቢጣመም በመዶሻ ይቀናል፣ አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል። ነፋሱን ደግሞ ቤት ሳይሆን ሐይቁ ላይ ነው የምለካው። ጋራዥ በ15 ዲግሪ 30 ፒኤስአይ የነበረው ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ወደ 25 ይወርዳል፤ እንደ ትራኩ የሚያሞቀው ነገርም የለም።

ጥሩ ጎማ ቢኖርም መስመር መምረጥ ያስፈልጋል። ጠዋት በረዶው ሻካራ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም የሚሄድበት መስመር እንደ መስታወት ይሆናል። ያኔ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ትንሽ ብናኝ ያለበትን መርገጥ ያዋጣል፣ መንገዱ ቢረዝምም። ግግሩ ራሱስ? የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለትንሽ መኪና ቢያንስ 9 እስከ 10 ኢንች ውፍረት ይመክራል። አዘጋጆቹ ለክተው ሳይፈቅዱ ሐይቅ ላይ አልገባም።

የትራኩን ጎማ በዊንተር ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ አታስቀምጡት። እንዲህ ዓይነቱ ላስቲክ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ካለፈ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በተለይ በዚያ ብርድ ከተንከባለለ ወይም ከተጫነው። የእኔዎቹ ቤዝመንት ውስጥ ናቸው፣ ጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከቦይለሩ ራቅ ብለው። ባለቤቴ ቦታውን ለሌላ ዕቃ ትፈልገው ነበር፤ ተስማምተን መደርደሪያ ሠራሁ። ለሚቀጥለው ሰመር 225/45አር15 በ8 ኢንች ቸርኬ እያሰብኩ ነው። ሒሳቡን ጀምሬዋለሁ፤ ፓራፋንጎው ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፍ ሳያስፈልገው ከተቀበለ አዝዛለሁ፣ ካልሆነ በ205ቱ እቀጥላለሁ።