የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ

38 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ምስክርነቴ ግን ስለ አንዲት ሌሊት ነው፤ ሰኔ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ መንዝ ውስጥ።

አስቀድሜ ልናዘዝ። ሁለት ልጆች በላይ በላዩ ቀብሬ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነውና ቤተ ክርስቲያን መሳም የተውኩት የውይይት ክበቡን ፈርቼ ይመስላቸው ነበር። አይደለም። እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነው።

ባለቤቴ እኩለ ሌሊት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ጠርሙስ አስነፏት፤ እንቢ አለ። አንዷ እትብቱን ልትጎትት ስትል የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ማለት የጤና ረዳቱ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ፣ እጇን ቀጨም አድርጎ ያዘና «ማህፀኑ ተገልብጦ ይወጣል!» አለ። እትብቱን ሁለት ቦታ አስሮ መካከሉን ቆረጠ፤ ሽንቷን አሸናት፤ ጡት መጥባት ማህፀንን ያኮማትራልና ሕፃኗን ጡት አስያዘ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እንግዴ ልጅ ውስጥ እስካለ ማህፀን በደንብ አይጨመደድም፣ ካልተጨመደደ ደግሞ ደሙ አይቆምም። «መኪና መንገድ!» አለኝ።

ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጠፍር ጠላልፈን፣ ባና አንጥፈን ቃሬዛ ሠራን። ሚኒስትሪ ተፈትነው የጨረሱት የስምንተኛ ክፍል ጎረምሶቼ 16 ሆነው ደረሱልኝ። አራቱ ሲሸከሙ 12ቱ ይከተላሉ። ጣጣው መቀያየሩ ላይ ነው፤ ጎረምሳ ደከመኝ አይልም፣ ዝም ብሎ ይቆይና ተሰናክሎ ይወድቃል። ከመካከላቸው አንድ ዲያቆን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብሎ ጀመረ፤ 41 ሲሞላ ትከሻ ይቀየራል። ቆጣሪው እኔ ነኝ። በአውራ ጣቴ የአራቱን ጣቶች አንጓ ስነካ 12፤ ሦስት ዙር 36፤ አምስቱ ጣቶች ሲጨመሩ 41። እየጸለይኩ አልነበረም። ለትከሻ ነበር የምቆጥረው።

ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ጠበቀን። ክረምቱ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገብቶ ነበር። የሷን እግር ከፍ፣ ራሷን ዝቅ አድርገን አስተኛናት። ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ አበራሁና ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ቋጥኙ ላይ፣ ከውሃው አንድ ጣት ከፍ አድርጌ አሰመርኩ። ውሃው በላው። ከፍ አድርጌ ደገምኩ። ያንንም በላው። እጇን ስነካው በረዶ ሆኗል። ሦስተኛውን ሳሰምር «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለው አፌ ላይ መጣ፤ ስንት ዓመት ያልደገምኩት ዳዊት! «ሚካኤል፣ ሲነጋ ቀንህ ነው። ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ቀጥዬም «እንቢ ካልክ ግን ከእንግዲህ ደጅህን አልረግጥም።» እንዲህ ነው ያልኩት፤ አላሳምረውም።

ሦስተኛው መስመር አልጠፋም። ከሥሩ እርጥቡ ድንጋይ ጠቁሮ መታየት ጀመረ፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ስንዝር። ክንድ ሲሞላ ገባን። አራት ረጃጅሞች ከላይ በኩል ክንድ ለክንድ ተያይዘው ውሃውን ሰበሩልን፤ ስምንቱ ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ አነሡ። እግር አይነሣም፤ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው፤ እግሩን ያነሣ ሰው ይወሰዳል። ልጆቼ፣ ዛሬ ሽበት ያወጣችሁ ልጆቼ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ጎህ ሲቀድ በግ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘን። ሹፌሩ በጎቹን ከነረዳቱ ሜዳ ላይ አራግፎ ጫነን። ብር ብሰጠው «ዛሬ'ኮ ሚካኤል ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ሆስፒታል በእጅ አወጡላት፤ ከተማሪዎቹ ሁለቱ ደም ሰጧት።

ደም ማነሱ እስከ ጥምቀት አልለቀቃትም።

በዓመቱ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጃንጥላውን አስገባን። እሷው ያዘችው፤ ልጅቷ በጀርባዋ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። «የትኛው ድንጋይ ነው?» አለችኝ። ጠመኔው ታጥቦ ጠፍቷል፤ ቋጥኙን አሳየኋት።