ጣቴን ሳነሳ የሚጠፋው ኤልኢዲ

ባለቀዳዳ ቦርድ ላይ መጀመሪያ የገጣጠምኩት በ555 አይሲ (ጊዜ እየቆጠረ የሚያበራና የሚያጠፋ ቺፕ) ብልጭ ድርግም የሚል ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሽ መብራት፣ ነበር። ቦርዱን በጣቴ ስጫነው ይሠራል፤ ስለቀው ይጠፋል። ሁለት ምሽት ሙሉ አይሲ ስቀይር፣ ባትሪውን በመልቲሜትር ስለካ፣ የሰርኪዩቱን ስዕል መስመር በመስመር ሳመሳክር ቆየሁ። በመጨረሻ ቦርዱን ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ስመለከት፣ በአንዱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) እግር ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ሊዱ፣ ማለትም እግሩን ከቦርዱ መዳብ ጋር የሚያያይዘው ቀልጦ የሚረጋ ብረት፣ እግሩን ከብቦት ተቀምጧል እንጂ አልያዘውም።

ችግሩ ያለው አበያየዴ ላይ ነው። ሊዱን የመበየጃው ካውያ ጫፍ ላይ አቅልጬ፣ በማንኪያ እንደሚወሰድ ነገር ወደ እግሩ እወስደው ነበር። በሊዱ ውስጥ ያለው ፍላክስ (ዝገት የሚያጸዳው ሙጫ መሰል ነገር) መንገድ ላይ ጨሶ ያልቃል፤ የመዳቡን ዝገት የሚያነሳ ነገር አይተርፍም። በዚያ ላይ እግሩ ገና ቀዝቃዛ ነው።

አሁን የካውያው ጫፍ መዳቡንም እግሩንም አንድ ላይ እንዲነካ አድርጌ አንድ ሁለት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሊዱን ከካውያው ማዶ አስጠጋለሁ። የጋለው እግር ራሱ ሲያቀልጠው ሊዱ ዙሪያውን ይፈስና የትንሽ ድንኳን ቅርጽ ይይዛል። ሊዱን አስቀድሜ፣ ካውያውን አስከትዬ አነሳለሁ፤ እስኪረጋ ቦርዱን አላንቀሳቅስም። ኳስ መስሎ ከቆመ አልያዘም።

መርፌ የመሰለውን ጫፍም ትቻለሁ። ለጥቃቅን ሥራ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን የሚነካው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊሜትር ለሚራራቁበት ቦርድ 1.6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጫፍ በቂ ነው። ሊዱ 0.8 ሚሊሜትር፣ 63/37 የሚባለው (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ) ዓይነት ነው፤ ልክ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ እዚያው ይረጋል። ካውያውን ግን 340 አካባቢ አደርገዋለሁ። ቦርዱን እንዳላቃጥል ብዬ ሙቀቱን በጣም ዝቅ ያደረግሁ ጊዜ፣ ሊዱ እስኪቀልጥ ረጅም ጊዜ ስጠብቅ የመዳቡ ቀለበት ከቦርዱ ተላቆ ከካውያው ጋር ተነሳ። የሚጎዳው ቆይታው ነው።

ካውያውን ከማጥፋቴ በፊት ጫፉን ትኩስ ሊድ አለብሰዋለሁ፤ ባዶውን ከተተወ ይጠቁርና ሊድ አልቀበልም ይላል። ጭሱ ከፍላክሱ ስለሆነ መስኮት እከፍታለሁ፤ ሊዱ እርሳስ ስላለበት ስጨርስ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ያንን እግር ትንሽ ፍላክስ ቀብቼ ዳግም አጋልኩት። ስንጥቁ ዓይኔ እያየ ተዋጠ፤ ጣቴን አነሳሁ፣ ኤልኢዲው መብራቱን ቀጠለ።