ካምፕ ይገባል ወይስ ይወጣል?

ጋሼን «ዘንድሮ ለአደን ስንሄድ ካምፕ እንውጣ» አልኳቸው። ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ።

«ካምፕ ይገባል እንጂ አይወጣም። የሚወጣው ከካምፕ ነው። እኔ ከወጣሁ 17 ዓመቴ። አሁን ደግሞ ገንዘቤን ከፍዬ ልመለስ?»

ጋሼ ካኩማ 6 ዓመት ኖረዋል። ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ቱርካና ውስጥ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ነው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ካምፕ ሲባል እኔ የሚታየኝ እሳት ዙሪያ የሚስቁ ሰዎች ያሉበት ማስታወቂያ ነው። እሳቸው የሚታያቸው ሸራ፣ አቧራና የራሽን ሰልፍ ነው። አፌ ያመጣልኝን ተናግሬ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አደን ያስለመደኝ የመጋዘን አለቃዬ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ሳምንት ይጠፋል፣ ጺሙን አሳድጎ ይመለሳል፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ሥጋ አይገዛም። ይህ የመጨረሻው ነው ልቤን የነካው። ኮርሱን ወሰድኩ። እዚህ ክፍለ ግዛት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ካልወሰደ ፈቃድ አይሸጥለትም። ጋሼም ከእኔ ጋር ተማሩ። ጠመንጃ አያያዝ ላይ አስተማሪው ለእሳቸው የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረም። የት እንደለመዱት ጠይቄያቸው አላውቅም።

የምናድነው ኤልክ ነው። አጋዘን ይመስላል፣ ግን ቁመቱ ፈረስ ያህላል። ኮሎራዶ ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ኤልክ አላት። ከዚያ ውስጥ ትልቁ መንጋ ያለው በስተ ምዕራብ፣ ሚከር የምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ፣ ዋይት ሪቨር ደን ውስጥ ነው። ከኦሮራ ከ4 ሰዓት በላይ ያስነዳል። ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፎ፣ ራይፍል የምትባል ከተማ ሲደርሱ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው። ስሟ ጠመንጃ ማለት ነው። ጋሼ ምልክቱን ባዩ ቁጥር «ደረስን ማለት ነው» ይላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት እንግዲህ የእሳቸው ቃል ጸና፤ ሞቴል ያዝን። ያዝን ስል ቀላል አይምሰላችሁ። በአደን ሰሞን እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ አልጋ ማግኘት መከራ ነው። ሰዉ ሲለቅ የሚቀጥለውን ዓመት አስይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ሰው ሰርዞ ነው ክፍል ያገኘነው፣ ለአንድ ሌሊት 150 ዶላር። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ «ሥጋ እዚህ ማጠብ ክልክል ነው፤ በፎጣችን ደም አትጥረጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጋሼ ሁለቴ አነበቡትና «ማን ይሆን ይህን ያስጻፈው ጀግና?» አሉ።

ሞቴሉን አላማውም። ሙቅ ውሃ አለ። እርጥብ ጫማ ማሞቂያው ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ጠመንጃው በሳጥኑ እንዳለ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ይተኛል። ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ጋሼ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ እዚያ ፍራሽ ላይ እንደ ሕፃን ነበር የሚተኙት።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። በሕጉ መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ይህ ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ኤልክ ደግሞ ሌሊት ሜዳ ላይ ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ጥቅጥቁ ጫካ ይገባል። ያቺ የንጋት ግማሽ ሰዓት ካመለጠች ቀኑን ሙሉ ዛፍ ስትቆጥር ትውላለህ። እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። የመኪናውን መስታወት በረዶ እንፍቃለን። ፓርኪንጉ ውስጥ ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ እንደኛ ይፍቃል። የአስፋልትና የኮረኮንች መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እግረኛ መንገዱ ጫፍ ስንደርስ አምስት ፒካፕ ቆሟል። ከዚያ ዳገት። ሸንተረሩ ላይ ስንወጣ 1 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፣ እኔ በላብ ርሻለሁ፣ ሜዳው ላይ ያለው ትኩስ ኮቴ ብቻ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ኩሱን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ይሞቃል» አሉ። ማታ ሞቴል የምንመለሰው 3 ሰዓት ላይ ነው። ራት፣ ገላ፣ እንቅልፍ። እንቅልፉ 5 ሰዓት ቢሞላ ነው።

በሦስተኛው ቀን መረረኝ። መኪናው ውስጥ በ«ምናልባት» የጫንኩት ድንኳን ነበር። «እኔ ዛሬ እዚያው አድራለሁ» አልኩ። ጋሼ ምንም ሳይሉ መኪናውን ይዘው ወረዱ።

ያቺን ሌሊት አልረሳትም። ስሊፒንግ ባጉ ላይ 20 ዲግሪ ፋራናይት ተብሎ ተጽፏል፣ በእኛ ከዜሮ በታች 7 መሆኑ ነው። ቁጥሩ የሚመቸውን ብርድ ሳይሆን የማይገድለውን ብርድ እንደሚናገር ማንም አልነገረኝም። ራት ልሠራ የጋዝ ምድጃዬን ብለኩሰው እንቢ አለ። ለካ ርካሹ ቡቴን ነው፤ ቡቴን ከዜሮ በታች ሲሆን ከፈሳሽነቱ ንቅንቅ አይልም። ቆርቆሮውን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሳሞቀው ቆይቼ አንድ ኩባያ ውሃ አፈላሁ። ከላይ ያለው ብርድ አይደለም የጎዳኝ፤ መሬቱ ነው። ስስ ፍራሽ ነው የገዛሁት፣ መሬቱ ሙቀቴን እንደ ቧንቧ ሲጠጣው አደረ። ትንፋሼ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ግግር ሠራ። በተገላበጥኩ ቁጥር በረዶው ፊቴ ላይ ይረግፋል። ቤት ውስጥ በረዶ ዘነበብኝ ብል ማን ያምነኛል? ሌሊቱ ሲጋመስ አንዲት አይጥ ወለሉን በስታ ገብታ ብስኩቴን ስትቆረጥም ሰማኋት። ድንኳን ሰባሪ ሲባል የሰማሁት ሳይጠራ ድግስ ለሚገባ ሰው ነበር፤ የእውነቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ጭላንጭል ሳይሆን፣ ከድንኳኑ ሦስት መቶ እርምጃ ሳልርቅ ድምፃቸውን ሰማሁ። እንስቶቹ እንደ ድመት ያለ ቀጭን ጩኸት አላቸው። ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። መኪና የለም፣ የበር ድምፅ የለም። ሲነጋ ሠላሳ የሚሆኑ እንስቶች ከነጥጆቻቸው አለፉ። ፈቃዴ የወንድ ስለነበር አልተኮስኩም። ጣቶቼ ደንዝዘው ብተኩስም ዛፍ ነበር የምመታው።

ጋሼ 3 ሰዓት ላይ መጥተው ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። እኔ ስለ ኤልኩ አወራለሁ። እሳቸው ግን «ማን ነው እዚህ ትከለው ያለህ?» አሉ። የተከልኩት ሣሩ ሜዳ ላይ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ነው። «ብርድ እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚፈስ። ውሃም ቢመጣ መጀመሪያ አንተን ነው የሚያገኝ።» ወደ ሽቅብ ሃያ እርምጃ ሄደው ሁለት ዛፎች መካከል ያለ ደልዳላ ቦታ በእግራቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «እዚህ።» ካኩማ በረሃ ነው፣ ግን ዝናብ ሲመጣ በደራሽ ጎርፍ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ሌላ አላወሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዓመቱ ራሳቸው ደወሉ። ቅድመ ሁኔታ አላቸው። አንደኛ፣ መሬት ላይ አይተኙም፤ ታጣፊ አልጋ ይገዛል። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ነጭም ሰማያዊም አይሁን። ሦስተኛ፣ የመጨረሻዋ ሌሊት የሞቴል ናት፣ ገላቸውን ሳይታጠቡ ባለቤታቸው ፊት አይቀርቡም። ማሞቂያ እናስገባ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «የከሰል ጭስ ስንት ሰው እንደጨረሰ ረሳኸው? ጋዝም ያው ነው» ብለው ተቆጡኝ። በምትኩ ውሃ አፍልተን በጠርሙስ እየሞላን እግራችን ሥር ከተን ተኛን። ጠርሙስ ውጭ ከተተወ ደግሞ ተዘቅዝቆ ይቀመጣል፤ ውሃ ከላይ ስለሚረጋ ጠዋት አፉ ክፍት ሆኖ ታገኘዋለህ። ይህችን ከመጋዘን አለቃዬ ነው የሰማኋት። ጫማችንም ስልካችንም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አደሩ።

በሁለተኛው ንጋት ጋሼ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። ወንድ ነው። በዚያ አካባቢ ወንድ ለመግደል ቀንዱ በአንድ ወገን ቢያንስ 4 ጫፍ ወይም ግንባሩ ላይ 5 ኢንች የሚሆን ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል። በመነጽር ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። «ብር ነው እንዴ የምትቆጥረው?» ብለው አንሾካሾኩ። አምስት ነበር። ተኮስኩ።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ሥራ ነው ለእኔ ጥያቄውን የዘጋው። ቆዳው ቶሎ ካልወጣ የገዛ ሙቀቱ ሥጋውን ያበላሸዋል። ገፈን፣ በየብልቱ ለይተን፣ በጨርቅ ከረጢት እያደረግን በጀርባችን ተሸከምን። አራት ዙር ፈጀ። ድብ ስለሚኖር ከድንኳኑ መቶ ሜትር ራቅ አድርገን ጥላ ውስጥ ዛፍ ላይ ሰቀልነው፤ ሌሊቱ አቀዘቀዘልን። ሞቴል ብናድር ያን ሁሉ ሥጋ ጨልሞ አንድ ሰዓት ተነድቶ፣ በረዶ ተገዝቶ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምንጠብቀው። የማደኛው ቦታ ከአልጋህ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ሞቴል ግባ፣ ወገብህን አትፍጅ። ገና ጀማሪ ከሆንክና ዕቃህ እንደኔ ርካሽ ከሆነም ግባ። ከዚያ ከራቀ ግን አልጋውን ሳይሆን ንጋቱን ነው የምታጣው።

ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። ጋሼ እጃቸውን እያሞቁ ድንኳኑን ሲያዩት ቆዩ። «ያኛው ዚፕ አልነበረውም» አሉ። ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እንጨት ጨመሩ።

የመጨረሻዋን ሌሊት እንደተስማማነው ሞቴል አደርን። ጋሼ መታጠቢያ ቤት አርባ ደቂቃ ቆዩ፤ በሩ ላይ ያው ወረቀት አለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሙቅ ውሃው አልቆ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥንም።

«ስማ፣ ካምፕ የምንወጣው መቼ ነው? ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ነው።»