የሂላሪን የኢራቅ ድምፅ እንዴት መዘንኩት

ሲቲዝን ከሆንኩ ገና ስድስት ወሬ ነበር። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 የቨርጂኒያ ፕራይመሪ፣ ማለትም የፓርቲ ዕጩ የሚመረጥበት ምርጫ፣ ደረሰ። ከዴሞክራቶቹ ሂላሪ ክሊንተንና ባራክ ኦባማ ለፕሬዝዳንትነት ዕጩነት ይፎካከሩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። እዚህ ስቴት ደግሞ የፓርቲ አባል መሆን አይጠበቅብህም፤ መራጭ ሆነህ ከተመዘገብክ የየትኛው ፓርቲ ፕራይመሪ ላይ እንደምትመርጥ እዚያው ትናገራለህ።

ልቤ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ነበር። ዲቪ የደረሰኝ በባሏ ዘመን ነው፤ ውለታ አይረሳም። (የዲቪን ሕግ የፈረሙት አባት ቡሽ መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው።) አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር፤ ኢራቅ። ኦክቶበር 2002 ላይ ሴኔቱ ለጦርነቱ በ77 ለ23 ፈቃድ ሲሰጥ ያኔ ሴናተር የነበረችው ሂላሪ ከ77ቱ አንዷ ነበረች። እኔ ልመርጥ ስሰናዳ የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 4,000 ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። የኢራቃውያኑ ሬሳማ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ያኔ ማታ ማታ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ መኪና የለም። ላይብረሪ ሄጄ ሂላሪ በ2002 ድምፁን በሰጠችበት ሰሞን ያደረገችውን ንግግር ፕሪንት አደረግኩና ደብተርና ዲክሽነሪ ይዤ ገባሁ።

ንግግሩ እንደጠበቅኩት አልነበረም። ከባድ ውሳኔ እንደሆነባት ትናገራለች፤ ፕሬዝዳንቱ ልጅ ቡሽ በተባበሩት መንግሥታት (ተመድ) በኩል እንዲሄዱ ትማጸናለች። አንብቤ ስጨርስ ይቅር ልላት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሌላ ነገር አገኘሁ። ለካ ከዋናው ድምፅ በፊት ሌላም ድምፅ ተሰጥቶ ነበር! የሚሺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን ማሻሻያ አቅርበው ነበር፦ መጀመሪያ ተመድ ኃይል መጠቀምን ይፍቀድ፤ እምቢ ካለ ፕሬዝዳንቱ ተመልሰው ወደ ኮንግረስ ይምጡ። 24 ደገፉት፣ 75 ጣሉት። ሂላሪ ከጣሉት ጋር ናት። የአሜሪካን ውሳኔ ለጸጥታው ምክር ቤት አሳልፎ መስጠት ይሆናል ባይ ናት። ምክንያቷ ባዶ አይደለም። ቢሆንም በአፏ የለመነችውን ነገር ልጓም የሚያደርግ ወረቀት ሲመጣ ገፍታዋለች። ከዋናው ድምፅ ይልቅ ይሄኛው አመመኝ።

ሌላው ስለ ንባብ ነው። የሴኔቱን የስለላ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ቦብ ግራሃም ስለ ኢራቅ የተዘጋጀውን 90 ገጽ የሚያህል የስለላ ሰነድ አንብበው ጦርነቱን ተቃወሙ። ሂላሪ ራሷ አላነበበችውም፤ ማብራሪያ ተሰጥቶኛል ነው ያለችው። እኔ የቤት ኪራይ ውል እንኳ በዲክሽነሪ ሳላነብ አልፈርምም።

አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ሌሊት ሌሊት ቡና ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ደብተሬን አይተው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ የኦባማንስ ገጽ የታለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባዶ ነበር። ኦባማ በ2002 ቺካጎ አደባባይ ላይ ጦርነቱን ተቃውሟል። ግን ያኔ የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ነው፤ የሚሰጠው ድምፅ አልነበረም። በ2004 ራሱ ሲጠየቅ የሴኔቱን የስለላ መረጃ ስላላየሁ እዚያ ብኖር ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም ብሏል። ዋሽንግተን ከገባ በኋላም ለጦርነቱ በጀት ድምፅ ሰጥቷል። ይህንንም ጻፍኩ። የምትወደውን ሰው ብቻ መዝኖ ሚዛን የለም ያሉኝ ጋሼ ናቸው።

ይቅርታ የሚባለውን ነገር ግን ብዙም አልቆጠርኩትም። እንደ እሷ ለጦርነቱ ድምፅ የሰጠው የቀድሞው ሴናተር ጆን ኤድዋርድስ በ2005 «ተሳስቻለሁ» አለ። ሂላሪ እምቢ አለች፤ እንዲያውም በ2007 ያን ድምፅ ያልሰጠ ወይም ተሳስቻለሁ ያለ ሰው ከፈለጋችሁ ሌሎች አሉላችሁ አለች። ከልቤ ነው የምለው፣ ድፍረቷን ወደድኩት።

መጨረሻ ላይ የቀረችው አንድ ገጽ የራሴ ነበረች። ፌብሩዋሪ 2003፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ተመድ ፊት ስለ ሳዳም ሁሴን ሲያብራሩ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ምን አልኩ? «ይሄን ሰውዬማ መንቀል ነው!» ደርግን ያየ ሰው አምባገነን ሲነቀል ደስ ይለዋል። ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፤ በድንበር የተዋጉት ኢትዮጵያና ኤርትራ እንኳ ሁለቱም የቡሽ ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ያን ገጽ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ሂላሪን «ደጋፊ ነበረች» ብዬ ብቻ መጣል ከዚያ በኋላ አላስቻለኝም። ልዩነታችን እሷ ሰነዱ አጠገቧ ነበር፣ እኔ ቴሌቪዥን ብቻ።

ኦባማን መረጥኩ። የቺካጎው ንግግር አይደለም የወሰነልኝ፤ የሌቪን ወረቀት ነው። ጋሼ ሂላሪን መረጡ፤ በማግስቱም ቡናዬን አላስቀሩብኝም።

በ2016 ደብተሩን አውጥቼ አየሁት፤ ሂላሪን መረጥኩ። በ2020 ባይደን መጣ፤ እሱም ከ77ቱ አንዱ ነው። ደብተሩን ብፈልግ የለም። ባለቤቴ ቤት ስንቀይር ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ጥላዋለች መሰለኝ።