ሳይክሌን ሰው ሲነዳት አየሁ

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የድሮ ሳይክሌን አየኋት። ጥቁር ፎኒክስ ናት። ስንት ፎኒክስ አለ ትሉ ይሆናል፤ ግን የኋላ መጫኛዋ ላይ ወንድሜ የበየደው ብረት እንዳለ አለ፣ ያ ወጣ ገባ ያለው፣ ስንት ሱሪ የቀደደብኝ። የሚነዳት አንድ ጎረምሳ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ገብስ ጭኖ ዳገቱን ፔዳል ላይ ቆሞ ይገፋል። ከተማችን እኮ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ እንኳን ተጭኖ ባዶውንም ትንፋሽ ያሳጥራል። የሸጥኳት ለቤት ኪራይ ነው፣ አይቆጨኝም። ቅናት ግን ያው ቅናት ነው። ካቴናዋ ሲጥ ሲጥ ሲል አላስቻለኝም፣ «አንተ ልጅ፣ ዘይት አጠጣት እንጂ!» አልኩት። «ምን አገባዎት ጋሼ?» ብሎኝ እብስ አለ። ጋሼ! ስሸጣት እኮ ማንም ጋሼ አይለኝም ነበር።